ልብ የሚያንጠለጥለው ገዳዩን አለማወቅ ነው ያለው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ ለወጣት ደራስያን ምክር ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ገዳዩን እስከ መጨረሻው ገጽ መደበቅ መቻል አለበት፣ ለዚህም የመርማሪ ታሪኮችን ደጋግሞ ያንብብ ይላሉ። ምክሩ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ጤፍና ማሽላ አንድ ጆንያ ውስጥ ከትተዋል።

እኔ ደራሲ አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 26 ዓመት በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የወንጀል መዝገብ ከፍቻለሁ፣ ገጽ ቆጥሬያለሁ፣ ለችሎት አቅርቤያለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ (አለቆቼ ዛሬ ቢሰሙም ግድ የለኝም) አንብቤያለሁ። በዚያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ «ገዳዩ ማን ይሆን?» ብዬ የተጨነቅኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። የተከሳሹ ስም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰውየው እዚያ ቀን ላይ እንዴት እንደ ደረሰ ነበር።

የመርማሪ ታሪክ የሚጀምረው ሬሳው ከተገኘ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነገር ነው። ይህን ስል እየናቅኩት አይደለም፤ እንቆቅልሽ መፍታት ደስ ይላል። ልብ የሚያንጠለጥለው ግን ሌላ ነው። አንባቢው በሦስተኛው ስኒ ውስጥ መርዝ እንዳለ ካወቀ አቦሉ ራሱ አይወርድለትም። ካላወቀ ግን ቡናውን በሰላም ጠጥቶ በረካው ላይ አንዴ ይደነግጣል፣ በቃ።

ይህን ነገር በደንብ የተረዳሁት ልጄ ከዋሽንግተን ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛልኝ በመጣችው የፓትሪሺያ ሃይስሚዝ መጽሐፍ ነው። ሃይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1921 በቴክሳስ ፎርት ወርዝ ተወልዳ በ1995 በስዊዘርላንድ ሎካርኖ ያረፈች አሜሪካዊት ደራሲ ናት። በ1950 የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ባቡር ላይ ስለተገናኙ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ነው። አንደኛው «አንተ የእኔን ጠላት፣ እኔ የአንተን ጠላት ብንገድል ማን ያገኘናል?» የሚል አሳብ ያመጣል። በዓመቱ አልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም ሠራበት። ገዳዩ ማን እንደሆነ አንባቢው ያውቃል። እኔ መጽሐፉን ለማስቀመጥ ያቃተኝ ሁለተኛው ሰውዬ፣ ያ ጨዋው፣ ቀስ በቀስ ሲንሸራተት እያየሁ ስለነበር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው አውቀዋለሁ። የቅጣት ማቅለያ ማመልከቻ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ «ከዚህ በፊት ምንም ዓይነት ወንጀል ያልፈጸመ፣ የቤተሰብ ኃላፊ» ተብሎ።

ታዲያ ይህች ሴት ምን እያነበበች አደገች? የመርማሪ ታሪክ እየደጋገመች አይደለም። ገና ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሳለች እቤት ውስጥ ያገኘችው የካርል ሜኒንገር መጽሐፍ ነው የያዛት። ሜኒንገር የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ መጽሐፉም ሳይቸግራቸው የሚሰርቁና ቤት የሚያቃጥሉ ሰዎችን ጉዳይ አንድ በአንድ የሚተርክ ነው። ለልጅ የሚሆን ንባብ ነው ብዬ አልከራከርም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ልብ አንጠልጣይ ድርሰት አጻጻፍ ባወጣችው ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ፣ አብዛኞቹ የዶስቶየቭስኪ ሥራዎች ዛሬ ገና ቢታተሙ ኖሮ ልብ አንጠልጣይ ይባሉ ነበር፣ አሳታሚዎች ግን ለኅትመት ወጪ ሲሉ አሳጥር ይሉት ነበር ትላለች። የእኛም አገር አሳታሚዎች ይህቺን ቢያነቧት ፈገግ ይላሉ።

ያ ቀጭን መጽሐፍ ገና ሲጀምር «እንዲህ አድርጉ» የሚል መመሪያ አይደለሁም ይላል። የእናንተ ጽሑፍ የጎደለው ይህ ትሕትና ነው። ሃይስሚዝ የምታወራው ስለ ውድቀቷ ጭምር ነው። አንድ እስረኛ መጽሐፏን አንብቦ ከእስር ቤት ደብዳቤ ጻፈላት፤ ከዚያ ደብዳቤ በ1964 የወጣ ስለ እስረኛ የሚተርክ ልብ ወለድ ተወለደ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ግን አሳታሚ አልተቀበለውም። ተቀምጣ እንደገና ጻፈችው፤ የት የት እንደ ተሳሳተችም ሳትደብቅ በአንድ ሙሉ ምዕራፍ ተረከችው። ታሪኩ አልሄድ ሲላት ችግሩን ይዛ ጋደም እንደምትልና ስትነቃ መላው እንደሚመጣላት የጻፈችውን ለባለቤቴ ሳነብላት «አንተም ቢሮ ስታንቀላፋ ድርሰት ላይ ነበርክ በላ!» አለችኝ።

ሌላው ልማዷ ማስታወሻ ነው። ከሞተች በኋላ ከአንሶላና ፎጣ ማስቀመጫዋ ውስጥ 18 የቀን ውሎ መያዣዎችና 38 የሥራ ማስታወሻ ደብተሮች ተገኙ፤ በጠቅላላው 8,000 ገጽ ገደማ። አሁን በርን ከተማ በስዊስ ሥነ ጽሑፍ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። እንደ መዝገብ ቤት ሰው ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ። በ1952 ጣሊያን ፖዚታኖ ውስጥ በማለዳ ከሆቴል ሰገነት ላይ ሆና አንድ ወጣት ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ብቻውን በባሕሩ ዳር ሲሄድ አየች። አላነጋገረችውም። ግን ያ መንገደኛ ውስጧ ቀረና ከሦስት ዓመት በኋላ ቶም ሪፕሊ ሆኖ ወጣ፤ ገድሎ የማይያዝ፣ አንባቢውም እንዳይያዝ የሚጸልይለት ሰው። አምስት መጻሕፍት ጻፈችበት።

እንግሊዛዊው ደራሲ ግራም ግሪን ስለ እሷ ሲጽፍ ገጣሚነቷ የፍርሃት ሳይሆን የሥጋት ነው ብሏል። በአማርኛም ሁለቱ ይለያያሉ። ፍርሃት ጅቡን ስታይ ነው፤ ሥጋት በሩን መዝጋትህን ስትጠራጠር።

ጸባይዋን ግን አላሞግስም። በተለይ ስለ አይሁዳውያን የተናገረችውና የጻፈችው የሚያሳፍር ነው። ከሰው ይልቅ ቀንድ አውጣ ትወድ ነበር፤ ቤቷ ውስጥ ታረባ ነበር። ጎረቤቴ ብትሆን ዕድር ላይ እንጣላ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አዘጋጅ ሆይ፣ ጽሑፉ «ይቀጥላል» ስለሚል አንድ ልመና አለኝ። ጸሐፊው ሁለተኛውን ክፍል ከማውጣታቸው በፊት አንድ ጠዋት የወንጀል ችሎት ገብተው ይቀመጡ። ጉዳዩ በዝግ ካልሆነ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የሚከፈል ነገር የለም። ስልካቸውን ያጥፉና የኋላው ወንበር ላይ ይቀመጡ። ምስክር ሲሰማ ቢሰለቹ ግድ የለም፤ የቅጣት አስተያየት እስኪቀርብ ግን እንዳይወጡ አደራ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከኮተቤ