ይድረስ ለወንድሜ፦ ዓመት ስላልተጻፈባቸው የቤዝቦል ፎቶግራፎች

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ቢሆነንም ከልቤ ጠፍተህ አታውቅም፤ በተለይ እዚህ አሜሪካ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የቤዝቦል ፎቶግራፎች መመርመር ከጀመርሁ ወዲህ፣ አንተ የታሪክ መምህር ነህና፣ ብታያቸው እያልሁ ዘወትር አስብሃለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ።

አብዛኞቹ ፎቶግራፎች ዓመት አልተጻፈባቸውም፤ ከጀርባቸው በእርሳስ የተጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዘመናት በኋላ የተጨመረ ስለሆነ አላምነውም። በተጫዋቾቹ እጅ ጓንት አለመታየቱም ብቻውን የፎቶግራፉን ጥንታዊነት አያረጋግጥም፤ የሲንሲናቲ ክለብ ተጫዋች ቢድ ማክፊ እስከ 1896 ድረስ በባዶ እጁ ይጫወት ነበርና። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ በመለያው ላይ ስሙ የተጻፈው ከተማ በየትኛው ሊግ፣ ከመቼ እስከ መቼ ክለብ እንደነበረው ነው። ከዋናዎቹ የቤዝቦል ሊጎች አንዱ የሆነው ናሽናል ሊግ በ1876 ከተመሠረተ በኋላ ብዙ ክለቦች ተቋቁመው ፈርሰዋል፤ ዩኒየን አሶሲዬሽን የተባለው ሊግ በ1884፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያቋቋሙት ሊግም በ1890 ከአንድ የውድድር ዘመን አላለፉም። ስለዚህ ለእኔ ሥራ ዕድሜው ያጠረ ክለብ ለረጅም ዘመን ከኖረው ይበልጥ ይጠቅማል።

የዲትሮይት ክለብ በናሽናል ሊግ የቆየው ከ1881 እስከ 1888 ነው። በ1885 መጨረሻ ባለቤቶቹ ከበፋሎ ክለብ ተጫዋቾቹን ዳን ብራውዘርስን፣ ሃርዲ ሪቻርድሰንን፣ ጃክ ሮውንና ዲከን ዋይትን ስላመጡ፣ አራቱ በዲትሮይት መለያ አብረው ከታዩ ዘመኑ ከ1886 አይቀድምም። ሌላው ተጫዋች ፍሬድ ደንላፕም አብሯቸው ካለ፣ እርሱ በ1886 አጋማሽ መጥቶ ከ1888 ውድድር በፊት ወደ ፒትስበርግ ስለሄደ፣ ስምንቱ ዓመት ወደ ሁለት ይጠብባል። ሻጮች ወዲያውኑ 1887 ይላሉ፤ ዲትሮይት ሻምፒዮን የሆነበት ዓመት ነውና ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ዋጋ ግን ማስረጃ አይሆንም።

አጥብቄ ልነግርህ የምፈልገው ግን የቶሊዶ ከተማን ክለብ ነገር ነው። ጥቁሩ ኳስ ተቀባይ ሞዘስ ፍሊትዉድ ዎከር በ1883ም በ1884ም ለቶሊዶ ተጫውቷል፤ ይሁን እንጂ በ1883 ክለቡ በአነስተኛ ሊግ ውስጥ ሲሆን በ1884 ከዋናዎቹ ሊጎች አንዱ ወደነበረው አሜሪካን አሶሲዬሽን ገብቷል። ከዚያ በኋላ ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ወደ ብሩክሊን ክለብ እስኪገባ ድረስ ጥቁር ተጫዋቾች ከእነዚህ ሊጎች ተገልለው ቆዩ። እንግዲህ ዎከር ያለበትን የቶሊዶ ፎቶግራፍ 1883 ወይም 1884 ማለት እጅግ ከባድ ልዩነት አለው።

ይህን የሚፈታልን የጓደኞቹ ማንነት ነው። ኳስ ወርዋሪው ቶኒ ሙላን ለቶሊዶ የተጫወተው በ1884 ብቻ ስለሆነ፣ እርሱ ከዎከር ጋር በቡድኑ ፎቶግራፍ ውስጥ ካለ ዓመቱ ታወቀ ማለት ነው። ሙላን ዎከርን በጥቁርነቱ ይጠላው እንደነበርና ተቀባዩ ምን ዓይነት ኳስ እንዲወረወር በእጁ የሚሰጠውን ምልክት አልቀበል ይለው እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል፤ ዛሬ ግን ዎከር በዚያ ዓመት በዋናው ሊግ እንደነበር የሚመሰክርልን የእርሱ ፊት ነው።

አንተ ዘንድ ያሉትን ዓመት የሌላቸውን የትምህርት ቤት የስፖርት ቡድን ፎቶግራፎች በዚሁ መንገድ ብንመረምራቸው ደስ ይለኛል፤ የተጫዋቾቹን ስምና ወደ ቡድኑ የገቡበትን ዓመት ጽፈህ ላክልኝ።

አክባሪ ወንድምህ