ከበልግ ዝናብ በፊት ጣራውን እንመልስ፦ ለሱስ ታማሚዎች መቀበያ ቤታችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለደሴ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በኮምቦልቻ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅዳ፣ በሪያድና በሌሎች ቦታዎች ለምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፦

በቅሬዎቻችን (በእድሮቻችን) ግቢ ያለው፣ በአልኮል፣ በጫት፣ በሐሺሽና በማደንዘዣ ኪኒን ሱስ የተያዙ ወገኖችንና ቤተሰቦቻቸውን የምንቀበልበት ቤት በነሐሴው ዶፍና ንፋስ ጣራው ከነማገሩ ተነሥቶ መውደቁን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ከጦሳ በኩል የወረደው ጎርፍም የጓሮውን የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ አርሶ አዝምሞታል። በዚያው ሰሞን ባቀረብነው ጥሪ ገንዘብና ቁሳቁስ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ ከመስከረም በኋላ ግን መዋጮው ቀዘቀዘ፤ ቃል ከተገባውም እጅ ላይ ከደረሰው ያልደረሰው ይበልጣል። ደጋግሞ መለመን ለለማኙም ለተለማኙም እንደሚያሰለች እናውቃለን። ነገር ግን የወሎ በልግ የካቲት ላይ ሊገባ ይችላል፤ ክረምቱን ያለ ክዳን የጨረሰ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ሁለተኛ ዝናብ አይችልም።

ጣራው ከወደቀ ወዲህ ሥራውን በቅሬው ድንኳን ውስጥ ለመቀጠል ሞክረናል፤ አልሆነም። አንድ አባወራ የአረቄው ነገር ከአቅሙ በላይ እንደሆነበት ለመናገር፣ አንዲት እናት ከልጇ ኪስ ያገኘችው ኪኒን ምን እንደሆነ ለመጠየቅ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋቸዋል። ድንኳን ለቀስተኛ የሚቀመጥበት፣ መንገደኛው ሁሉ ብቅ ብሎ የሚያይበት ስለሆነ ቀድሞ በየሳምንቱ ይመጡ የነበሩት አንድ በአንድ ቀርተዋል፤ ከእነሱም መካከል ወደ ነበሩበት የተመለሱ እንዳሉ ቤተሰቦቻቸው ነግረውናል። እንዲህ ያለው መመለስ ከቀድሞው የከፋ አደጋ አለው። እንደ ትራማዶል ካሉ፣ ኦፒዮይድ ከሚባሉ ማደንዘዣ ኪኒኖች ለሳምንታት የራቀ ሰው ሰውነቱ የድሮውን መጠን የመቋቋም አቅሙን ስለሚያጣ፣ ድሮ ያዘወትረው የነበረው መጠን ራሱ እስትንፋሱን ሊያቆመው ይችላል። የጣራው ጉዳይ የቆርቆሮና የሚስማር ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱ ሆስፒታል አይደለም፤ ሆስፒታል ነን ብለንም አናውቅም። የመጣውን ሰምተን፣ ሳንወቅስ መክረን፣ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እናደርሳለን፤ ሲመለስም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ እንከታተላለን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከወንበሩ እስከ ቁም ሣጥኑ ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ብቻ ሲቀረን፣ በራሳችሁ መዋጮ አግዳሚውን አስጠርበን፣ በሩን አስገጥመን፣ ሥራውን እንደገና የጀመርነው እኛው ነን። ከዚያ ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮልም ሆነ ትምባሆ መሸጥ መከልከሉን ለየሱቁና ለየግሮሰሪው ባለቤቶች በአካል ሄደን አስረድተናል። አንዳንዶቹ ሰምተውናል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ «እኔ ባልሸጥለት ጎረቤቴ ይሸጥለታል» ብለው መልሰውናል።

ከሁሉም በላይ ጠቅሞናል የምንለው በጡረታ ላይ ባሉ ነርሶች ለወጣቶች የሰጠነው ትምህርት ነው። ማደንዘዣ ኪኒን፣ ይልቁንም ከአልኮል ጋር፣ ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ቢጠሩትና ቢቆነጥጡት አይነቃም፤ አተነፋፈሱ እየዘገየ ይሄዳል፣ የዓይኑ ብሌን በጣም ይጠባል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ይህን ሰው «ይተኛና ይውጣለት» ብሎ መተው መግደል ነው፤ ወተት ወይም ቡና መጋትም ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ስለሚችል ክልክል ነው። በጎኑ ማስተኛት፣ ከአጠገቡ አለመለየት፣ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት፣ ካልተገኘም በባጃጅ ቢሆን ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። በሆስፒታል የሚሰጠው ናሎክሶን የኦፒዮይድን ጉዳት በደቂቃዎች ውስጥ ይቀለብሳል፤ ሆኖም ኃይሉ ከኪኒኑ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል ሰውየው ነቃ ተብሎ ወዲያው ወደ ቤት መወሰድ የለበትም። ፖሊስ ይጠይቀናል በሚል ፍርሃት የወደቀ ጓደኛቸውን ጥለው የሚሸሹ ልጆች መኖራቸውን ሰምተን ስለነበር፣ አስተማሪዎቹ በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ወስደዋል።

አሁን ደግሞ በየቅሬው ስብሰባ ስለሚነሣው ጥያቄ። ያለፈው ገንዘብ የት ገባ የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው፤ «ለሰካራም የአውቶቡስ ቲኬት ተገዛበት» የሚለው አነጋገር ግን አሳዝኖናል። እውነት ነው፣ ተገዝቷል። ሕመማቸው የጸናባቸውን ወገኖች 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አስጉዘን አዲስ አበባ ወዳለው አማኑኤል ሆስፒታል ልከናል፤ ታማሚ ያለ አስታማሚ ስለማይላክም ለሁለት ሰው ከፍለናል። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያ መንቀጥቀጥና ላብ፣ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥም የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ይህም ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። በሐኪም ቁጥጥር በሚሰጥ እንደ ዳያዜፓም ባለ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ግን ያልፋል። ስለዚህ «ሐራራው እስኪለቀው» ብሎ ሰውን ክፍል ውስጥ መቆለፍ ፍቅርም ቢሆን ሞት ሊያስከትል ይችላል። ለቲኬቱ የወጣው ገንዘብ ያንን በር ያስከፈተ ገንዘብ ነው።

የሻይና የዳቦ ወጪም ተነሥቷል። በርጫ ያቆመ ሰው ከሰዓት በኋላውን በምን እንደሚያሳልፈው ግራ ሲገባው፣ ጨብሲውን ትቶ አመሻሹን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ሲያጣ ያየ ሰው ይህን ወጪ የሚቆጥርብን አይመስለንም። ለኮሚቴ አባላት ግን አበል ተከፍሎ አያውቅም። እያንዳንዱ ወጪ በሦስት ሰው ፊርማ የወጣ፣ ደረሰኝ ያለው፣ በሽማግሌዎች የተመረመረ ነው፤ መዝገቡም ማንኛውም የቅሬ አባል መጥቶ እንዲያየው ክፍት ነው።

በኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሸህም ቄስም ለየቤተሰቡ የሚናገሩት አንድ ነው፤ ዱዓውም ጠበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ። የታመመን መጠየቅና ማሳከም በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም የታዘዘ ነው፤ ሶደቃውን ወይም አሥራቱን ለዚህ ቤት ማዋል የሚፈልግ ሰው የእምነት አባቱን አማክሮ ያድርግ። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል አንዳችን እንኳ ቀርተን አናውቅም። በዚህ ቤት የሚመጡት ገና በሕይወት ያሉ ናቸው።

የሚያስፈልገው የጣራ ቆርቆሮ፣ አጣና፣ ማገር፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶና ለጓሮው ግድግዳ የመሠረት ድንጋይ ነው፤ ጎርፉን የሚያዞር ቦይም መቆፈር አለበት። የቆርቆሮ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በብር ተምነን አላቀረብንም፤ የቻለ ቤቱን የሚያህል፣ ያልቻለ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ይስጥ። አናጺዎችና ግንበኞች በሙያችሁ፣ ወጣቶች በጉልበታችሁ፣ ባለመኪኖች በማጓጓዝ ልትረዱን ትችላላችሁ።

ገንዘብ የሚገባው በቅሬዎቹ የጋራ ስም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ባለፈው ጊዜ ጥሪው በስልክ ሲዘዋወር የሒሳቡ ቁጥር ተለውጦበት ስለተገኘ፣ ቁጥሩን በዚህ ጽሑፍ ላይ አላሰፈርነውም፤ በማኅተም ተረጋግጦ በየቅሬው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከከተማ ውጭ ያላችሁ ደሴ ባለ ዘመድ በኩል ከሰሌዳው አስነብባችሁ፣ የሒሳቡ ስም የቅሬዎቹ መሆኑን አይታችሁ ላኩ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው የባንክ ሒሳብ አስተላልፉ። በግለሰብ ስልክ ወይም በግለሰብ ሒሳብ ገንዘብ አንቀበልም፤ በኮሚቴው ስም በግል ቁጥሩ ላኩልኝ የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትላኩ፣ ለቅሬያችሁ ጸሐፊ አሳውቁ። በእጅ የምትሰጡ እሑድ ጠዋት በቅሬው ግቢ ለገንዘብ ያዡ ሰጥታችሁ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ያለ ደረሰኝ አትስጡ። ቃል ገብታችሁ ያልከፈላችሁ ወገኖች እስከ ጥር መጨረሻ ብታስገቡልን አናጺዎቹ ሥራውን ከበልጉ ዝናብ በፊት ለመጨረስ ተስማምተዋል። በድጋሚ፦ በቅሬዎቹ የጋራ ስም፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ቁጥሩ በሰሌዳው ላይ።

የቅሬዎቹ ጥምር ኮሚቴ፣ ደሴ