የፎቶ ማንሻውና የአልበሙ ዋጋ ይለይ

ክቡር አዘጋጅ፤

በዓመት መዝጊያ ላይ ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ትርፍና ኪሳራቸውን በጋዜጦች ያሳውቃሉ። ሠርግ፣ ቅልቅል፣ ክርስትናና ምርቃት እያነሳን የምንተዳደር ትንንሽ ፎቶ ቤቶች እንዲህ ያለ ልማድ ስለሌለን፣ 2017 ዓ.ም. በእኛ ዘንድ እንዴት እንዳለፈ የሚያውቀው ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ አነስተኛ ፎቶ ቤት እንደሚያስተዳድር ሰው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ዓመቱን ያከበደብን የሥራ እጦት ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው። በሥራ ተወጥረን በከረምንባቸው ሳምንታት እንኳ ገንዘቡ እጃችን ላይ አልቀረም፤ የዚህም ምክንያት በአብዛኛው ከደንበኛ ጋር በምንዋዋልበት መንገድ ውስጥ ይገኛል።

በመጀመሪያ የሥራችን ዓመት እንዴት እንደሚሄድ ልግለጽ። ሠርግ በአጽዋማት መካከል ባሉት ሳምንታት የሚታጨቅ በመሆኑ፣ አሥራ ሦስቱን ወር የሚያኖረን ገቢ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ ከዚያም ከዳግማዊ ትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት ራሱ እሁድ ላይ ዋለ፤ ዐቢይ ጾምም የካቲት 17 ቀን ስለገባ በመጀመሪያው ወቅት ለሠርግ የተረፉት እሁዶች ስድስት ብቻ ነበሩ። በዚህ ላይ ረመዳን ከየካቲት መገባደጃ እስከ መጋቢት ሦስተኛው ሳምንት ስለነበር ሙሉ በሙሉ በዐቢይ ጾም ውስጥ ወደቀ። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ረመዳን በክረምት ይውል በነበረበት ጊዜ፣ የክርስቲያኑ ሠርግ በጾም ሲቆም የሙስሊሙ ኒካህና ሠርግ ቤታችንን ከመዘጋት ያድነው ነበር። ዘንድሮ ሁለቱ በአንድ ጊዜ በመቆማቸው፣ የወንጌላውያን አማኞች ሠርግና አልፎ አልፎ የሚመጣ የልደት ሥራ ባይኖር ኖሮ ያን አንድ ወር የቤት ኪራይ የምንከፍልበት አናገኝም ነበር።

መደራረቡ ያስከተለው ሌላም ችግር አለ። ሁለቱም ወገኖች ከጾማቸው በፊት ለመዳር ስለተጣደፉ፣ በጥርና በየካቲት መጀመሪያ ለአንድ እሁድ ሁለትና ሦስት ደንበኛ ይመጣብን ነበር። ትንሽ ፎቶ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ሠርግ ለመሸፈን ካሜራና ሌንስ ይከራያል፣ በቀን ሒሳብ የሚሠሩ ፎቶ አንሺዎችንና ቪዲዮ ቀራጮችንም ይጠራል። እነርሱም በየቦታው ስለሚፈለጉ በዚያ ሰሞን ክፍያቸው ከፍ ይላል። ይህ ተገቢ ነው፤ እነርሱም የሚኖሩት በዚያው ጥቂት ሳምንት ገቢ ነውና። ነገር ግን ከሙሽሮቹ ጋር የተዋዋልንበት ዋጋ በመስከረም ወይም በጥቅምት የተቆረጠ ስለሆነ፣ ልዩነቱን የሚሸከመው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ የሚያደርሰኝም ይኸው ነው። በእኛ ሙያ የተለመደው ፓኬጅ ፎቶውን፣ ቪዲዮውን፣ አልበሙን፣ በአዳራሹ መግቢያ የሚቆመውን የፊርማ ቦርድ፣ ለቤተሰብ የሚሰጡትን ትንንሽ አልበሞችና የምስጋና ካርዱን በአንድ ዋጋ የሚያጠቃልል ነው። ሙሽሮቹ ቀብድ ይከፍላሉ፤ ሁለተኛውን ክፍያ በሠርጉ ሰሞን፣ የመጨረሻውን ደግሞ አልበሙን ሲረከቡ ይፈጽማሉ። ዋጋ በተረጋጋበት ዘመን ይህ አሠራር ለሁለቱም ወገን የሚመች ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ 2017 ዓ.ም. ሲጠናቀቅም ከ130 ብር በላይ ነበር። የፎቶ ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ የአልበሙ ሽፋን፣ ባትሪው፣ ሚሞሪ ካርዱና የሠርጉ ፋይል የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ማተሚያ ቤቶች ዋጋቸውን በየጊዜው ሲያስተካክሉ እኛ የተፈራረምንበትን ዋጋ ማስተካከል አልቻልንም።

የአልበም ሥራ በባሕርዩ የሚዘገይ መሆኑ ጉዳቱን ያበዛዋል። ሙሽሮቹ ከጫጉላ እስኪመለሱ፣ ከብዙ መቶ ፎቶዎች መካከል ወደ አልበም የሚገቡትን መርጠው እስኪያሳውቁን፣ አንዳንዴም ሁለቱ ቤተሰቦች የእኛ ወገን ፎቶ አነሰ ብለው ምርጫውን እንደገና እስኪያዩት ወራት ያልፋሉ። የጥር ሠርግ አልበም በሰኔ መታተሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ በጥቅምት በተቆረጠ ዋጋ፣ በጥር የተሠራ ሥራ፣ በሰኔ የወረቀት ዋጋ ይታተማል ማለት ነው። በዓመቱ ውስጥ አልበሙን ለማሳተም የወጣው ወጪ ከቀሪው ክፍያ በልጦ የተገኘባቸው ሥራዎች አጋጥመውናል፤ በዚያም ሰሞን ለአንዱ ሙሽራ አልበም የሚከፈለው ገንዘብ ከሌላው ሙሽራ ቀብድ ላይ ይወሰድ ነበር። በዚህ መንገድ የተያዘ ንግድ የሠርግ ወቅት ሲያበቃ እዳው ገሃድ ይወጣል፤ ቀብድ ተቀብለው አልበም ማስረከብ ያቃታቸው ቤቶች ስማቸው በአጭር ጊዜ የጠፋውም ከዚህ የተነሣ ነው። ደንበኛው በቅሬታው ትክክል ነው፤ የከፈለበትን ዕቃ አላገኘምና። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ለማጭበርበር ያሰቡ ሰዎች እንዳልነበሩ በቅርብ ስለማውቅ፣ ነገሩ በግለሰቦች ጠባይ ብቻ ሲፈረጅ መስማት ያሳዝነኛል።

ያው የምንዛሪ ለውጥ ያመጣው መልካም ነገር ስለመኖሩም መናገር ተገቢ ነው። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ አገሮች መጥተው የሚያገቡ ወገኖቻችን የያዙት ገንዘብ በብር ሲመነዘር ስለበዛላቸው፣ ፕሮግራማቸውን ከሽምግልናው እስከ መልሱ ድረስ የሚያስነሡ በርከት ብለው ነበር። መምጣት ላልቻሉ ዘመዶቻቸው ሠርጉን በቀጥታ በኢንተርኔት እንድናስተላልፍ የጠየቁንም አሉ። ከዚህ ገቢ የበለጠውን ያገኙት በማኅበራዊ ሚዲያ ስማቸው የገነነ ትልልቅ ቤቶች ቢሆኑም፣ ለእኛም የደረሰን ድርሻ በሚያዝያና በግንቦት ደግፎናል።

ሌሎቹን ለውጦች በአጭሩ ልጥቀስ። ሠርጉ ሳያልቅ አጫጭር ቪዲዮ በቲክቶክ እንዲወጣላቸው የሚፈልጉ ሙሽሮች ስለበዙ፣ በስልክ ብቻ ቀርጸው የሚያስረክቡ ወጣቶች አዲስ ሙያ ፈጥረዋል፤ ይህን እንደ ስጋት አላየውም፤ እኛም ልንማረው የሚገባ ነው። ከቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎቹ ከቦያጂያን ቤተሰብ ዘመን ጀምሮ የፎቶ ቤቶች መናኸሪያ በነበረው ፒያሳ፣ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሱቃቸውን ያስለቀቃቸው ባልደረቦች ዓመቱን ሙሉ ደንበኛ እንደገና ሲያሰባስቡ ከርመዋል። በሌላ በኩል ሙሽሮችን ይዘን የምንሄድባቸው ስፍራዎች፣ ቀድሞ በብሔረ ጽጌና በግዮን የተወሰኑ የነበሩት፣ እንጦጦንና ወዳጅነት ፓርክን በመሳሰሉ አዳዲስ ቦታዎች ሰፍተዋል። የምርቃት ሥራም ተቀይሯል፤ የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚሰጥ ቤተሰብ ውጤቱ ሳይታወቅ ፎቶ አንሺ ለመያዝ ያመነታል፤ በሰኔ ስንመካበት የነበረው ቀብድም የሚመጣው በመጨረሻው ሳምንት ሆኗል።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ፣ ፎቶ ቤቶች ከመጪው መስከረም ጀምሮ በሚፈርሙት ውል የማንሻውን ዋጋ ከኅትመቱ ዋጋ እንዲለዩ ነው። የማንሻው ዋጋ የእኛ ጉልበትና ሙያ ስለሆነ ቀድሞ ሊቆረጥ ይችላል፤ ሙሽሮቹም ከሠርጉ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተስተካከሉትን ፎቶዎች በፋይል ይረከባሉ፣ የዚህ ክፍል ሒሳብም በዚያው ይዘጋል። አልበሙ፣ ቦርዱና ካርዱ ግን ምርጫው በተጠናቀቀበት ቀን በሚኖረው የማተሚያ ቤት ዋጋ፣ ደረሰኙ ለደንበኛው እየታየ ይታዘዝ፤ ክፍያውም ከኅትመቱ በፊት ይፈጸም። ደንበኛው አልበሙን ሌላ ቦታ ማሳተም ቢፈልግ ወይም ለጊዜው ቢተወው መብቱ ይሁን።

ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ሳቀርብ ሁለት መቃወሚያ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ቤተሰብ የሚፈልገው አንድ የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ ዋጋውን ለያይተን የምንጠይቅ ከሆነ ሁሉን በአንድ ዋጋ ወደሚያቀርበው ጎረቤት ይሄዳሉ የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፤ አንድ ቤት ብቻውን ቢጀምረው ደንበኛ ሊያጣ ስለሚችል ለውጡ በርከት ባሉ ቤቶች በአንድ ላይ ሊጀመር ይገባዋል። ሁለተኛው አልበም ትርፋችን ያለበት ነው የሚል ነው። ድሮ እንዲያ ነበር፤ ዘንድሮ ግን መዝገቡን ገልጦ የሠራ ሰው ትርፉ ከማንሻው እንጂ ከአልበሙ እንዳልመጣ ያያል። በተጨማሪም በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆኑ ነጋዴዎች በጠቅላላ ሽያጫቸው ላይ ተመሥርተው እንዲከፍሉ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ለማተሚያ ቤቱ የምናስተላልፈው የአልበም ገንዘብ የእኛ ሽያጭ ሆኖ ሲመዘገብ ባላተረፍንበት ግብር እንከፍላለን። ደንበኛው ለማተሚያ ቤቱ በቀጥታ ከፍሎ በራሱ ስም ደረሰኝ ቢወስድ ሁሉም ሒሳብ ትክክለኛ ቦታውን ይይዛል።

ዝግጅት ክፍሉ ይህን ደብዳቤ ቢያትምልኝ፣ ማተሚያ ቤቶች ለአንድ አልበም የሚያቀርቡት ዋጋ ቢያንስ ለአንድ ወር የሚጸና መሆኑን በጽሑፍ ለመስጠት ፈቃደኛ ስለመሆናቸው ቢጠይቅልኝና መልሳቸውን ቢያወጣ፣ የጥር ሠርግ ውል በብዛት ከሚፈረምበት ከጥቅምት በፊት ልንጠቀምበት እንችላለን። በዚህ ዓመት የዳሩ ወላጆችና ያገቡ ሙሽሮችም በተለየ ዋጋ መዋዋልን ይቀበሉት እንደሆነ በዚሁ ዓምድ ቢጽፉ እኔና ባልደረቦቼ በጥንቃቄ እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ
ጳጉሜን 2017 ዓ.ም.