ከሲግድ በፊት፣ ለአባባ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የዘንድሮው የሲግድ በዓላችን ጾም ይቅርብዎ። የግፊት ክኒን በባዶ ሆድ ውጠው የኢየሩሳሌሙን የአርሞን ሐናጺቭን ዳገት መውጣት አይሆንም፤ ለታመመ ሰው ደግሞ የግድ አይደለም።

ልጁ ደህና ነው፤ በቁመት በልጦኛል። ለትምህርት ቤት የሚያቀርበውን የቤተሰብ ታሪክ በስደት ግጥሞች ጀምሮታል። «መዝሙር 136ን አንብብ» ብለውት ዕብራይስጡን ሲገልጥ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» የሚለውን አግኝቶ ግራ ገባው። የእርስዎ ቁጥር የግዕዙ ነው። በግዕዙ 9ኛውና 10ኛው መዝሙር እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው በአንድ ያንሳል፤ «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ» በዕብራይስጡ 137 ነው። ከ148 ጀምሮ ሁለቱ መልሰው ይገጥማሉ።

ሁለተኛው ግጥም የይሁዳ ሃሌዊ ነው፤ በፈረንጆች 1140 ግብፅ ከመግባቱ በፊት ስፔን ሆኖ የጻፈው። ልቡ በምሥራቅ፣ እሱ በምዕራብ ዳርቻ፣ የሚበላው እንኳ አይጥመውም። ቤቱን ሁሉ በ«ራቭ» ስለሚመታ ለጆሮዎ እንግዳ አይሆንም፤ ያንብብልዎ።

ሦስተኛው ገጽ ባዶ ነው። የሱዳኑን የኡም ራኩባ ስደተኞች ካምፕ ሙሾ ይጠብቃል።

በመዝሙሩ ማራኪዎቹ ዘምሩልን ሲሉ ምርኮኞቹ በገናቸውን ሰቀሉ። እርስዎም ሰቀሉ። የሟቿን ስም ባነሳን ቁጥር ፊትዎን ያዞራሉ፤ እማማ እንኳ አንዴ ከአፍዎ ልትሰማው እንደጓጓች አለፈች። አባባ፣ እኛ ልጆችዎ ነን እንጂ ማራኪዎችዎ አይደለንም።

ልጁ ሐሙስ ይመጣል። ስልኩን አንድ ክንድ ያህል አርቆ ጠረጴዛ ላይ ያድርገው፤ ቴሌቪዥኑና ማራገቢያው ይጥፉ። መጀመሪያ ሳያቋርጡ በዜማው ያውርዱት። ቀጥሎ ያንኑ ስንኝ በስንኝ በንግግር ይድገሙለት፤ ቃል በዜማ ሲጎተት ስለሚለወጥ ከዜማው ብቻ ተሰምቶ የተጻፈ ይሳሳታል። በፊደላችን እኔ እጽፈዋለሁ። በዕብራይስጥ ፊደል ከተጻፈ አናባቢው ይቀራል፤ ጠ እና ተ በልጆቹ አፍ አንድ ስለሆኑም «መጣ» የሚለው «መታ» ተብሎ ይነበባል። የረሱት ስንኝ ካለ ቦታውን ባዶ ይተዉት እንጂ በየለቅሶው በሚባለው አይሙሉት፤ የእርስዎን ከሌላው መለየት ያቅተናል።

ከቀዶ ሕክምናዎ በፊት ይሁን። ከዚያ በኋላም እንደርሳለን ማለት አልቻልኩም።

ምርመራው እሑድ ጠዋት ነው፤ የክኒኖቹን ዝርዝር ይዤ እመጣለሁ።

ልጅዎ