የቅርጫው በሬ በዋዜማው አይገዛ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል

ውድ አዘጋጅ፣

ፋሲካ በተቃረበ ቁጥር የበሬ፣ የበግና የዶሮ ዋጋ በጋዜጦች ላይ ይወጣል። ዋጋውን ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል። ለቅርጫ ብሩ ተዋጥቶ በሬው ከተገዛበት ሰዓት አንስቶ መደቡ፣ ማለትም የየሰው ድርሻ፣ እያንዳንዱ ቤት እስኪገባ ድረስ ስለሚበላሸው ሥጋ ግን የሚነገር ነገር የለም። 55 ቀን ጾመን የጠበቅነው ሥጋ ጠቁሮ፣ ሲቆረጥ ቢላው ላይ እየተጣበቀ፣ በማግስቱም ጠረኑ ተለውጦ ሲገኝ ነጋዴው ይወቀሳል፤ አራጁ ይወቀሳል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የመጣው ግን በሬው በዋዜማው በመገዛቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሩቅ ገበያ በመኪና ተጭኖ፣ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ፣ ከዚያም እስከ ሰፈር ድረስ በዱላ እየተነዳ የመጣ በሬ በጡንቻው ውስጥ ያጠራቀመውን ስንቅ ጨርሶ ይደርሳል። ይህ ስንቅ በሬው ከታረደ በኋላ ወደ አሲድ እየተለወጠ ሥጋውን ደማቅ ቀይ ያደርገዋል፤ ቶሎ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። ስንቁ ካለቀ አሲዱ በበቂ መጠን አይፈጠርም። ሥጋው ይጠቁራል፤ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ተህዋስያንም ቶሎ ይራቡበታል። ያን ያህል የደከመ በሬ ምንም ያህል ጮማ ቢሆን፣ ምንም ያህል ጎበዝ አራጅ ቢያርደው፣ ሥጋው ያው ነው።

መድኃኒቱ እረፍት ብቻ ነው። የአንድ ሌሊት እረፍት አይበቃም፤ 4 ወይም 5 ቀን ያስፈልጋል። ስለዚህ ለፋሲካ የሚታረድ በሬ በሆሣዕና ማግስት ግቢ ቢገባ መልካም ነው። የት እናስቀምጠው፣ ማን ይቀልበው የሚለው ጥያቄ እንደሚነሣ ይገባኛል። ሆኖም 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ድርቆሽና ከ30 እስከ 40 ሊትር ውሃ ይበቃዋል። ይህ ለ10 ሰው ሲካፈል ትንሽ ወጪ ነው። ጥላ ያለው ማሰሪያ፣ የማያንሸራትት መሬትና ሕፃናት የማይረብሹት ጥግ ከተገኘ ሌላው ቀላል ነው።

በመጨረሻው ቀን ምግቡ ይቆማል፤ ከመታረዱ በፊት ከ12 እስከ 24 ሰዓት አይብላ። ውሃው ግን አይከልከል። ሆዱ የሞላ በሬ ሲበለት ጨጓራው ተወጥሮ ቢላ በቀላሉ ያገኘዋል፤ ፈርሱ ከፈሰሰም የነካውን ሥጋ ሁሉ ያበላሻል። ውሃ የተከለከለ በሬ ደግሞ ደሙ በደንብ አይወርድለትም፤ ቆዳውም ከሥጋው በቀላሉ አይላቀቅም።

ስለ ግዢው ጥቂት ልበል። በሬ የሚገዛው በሆዱ አይደለም። አንዳንድ ነጋዴ ጨው አልሶ ውሃ ስለሚያጠጣው በማለዳ የተነፋ ሆድ ማንንም እንዳያታልል። ጮማ የሚዳሰሰው በጭራው ሥር፣ በሽንጡና በፍርምባው ላይ ነው። ሻኛውም ሞላ ብሎ የቆመ ይሁን። ዕድሜውን ከጥርሱ ማወቅ ይቻላል። ከብት የላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ከታች ያሉት 8 ናቸው። ከ2 ዓመት በኋላ የወተት ጥርሶቹ ከመካከል ጀምሮ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይለወጣሉ፤ ወደ 5 ዓመት ሲጠጋ ስምንቱም ተለውጠው ያልቃሉ። 8ቱም ወጥተው ገና ያልተበሉ ከሆነ ለጮማ የደረሰ ነው። ጥርሶቹ አጥረውና ተራርቀው ከታዩ ብዙ ያረሰ በሬ ነውና ለጥሬ ይጠነክራል፤ ለወጥ ግን ይሆናል። አፍንጫው እርጥብ፣ ዓይኑ ንቁ፣ ሲቆም የሚያመሰኳ ይሁን። አፍንጫው የደረቀና የሚያስል በሬ በምንም ዋጋ አይገዛ። በቅርብ ጊዜ መድኃኒት ተወግቶ እንደሆነም ይጠየቅ፤ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። የተገዛው በሬ ከመታረዱ በፊት በድንገት ወድቆ ቢንፈራገጥ ወይም ሞቶ ቢያድር «ሳይሞት ቶሎ እንረደው»፣ «ገንዘባችን ከሚቀር» የሚል ድምፅ ሁልጊዜ ይሰማል። እባካችሁ፣ ማንም ቢላ አያንሣ። አባ ሰንጋ ከብትን የሚገድለው እንዲህ በድንገት ነው። በአፍንጫው ወይም በፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከታየ ደግሞ ጥርጣሬው የበለጠ ይጠነክራል። በሬው ሲከፈት በሽታው አየርና አፈር ያገኛል፤ መሬቱ ውስጥም ለብዙ ዓመታት ይቆያል። የገፈፈውም፣ የበላውም ይያዛል። የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ እሱ በሚለው መንገድ በጥልቅ መቅበር ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። የጠፋውን ብር 10 ሰው ቢካፈለው ይሻላል።

አስተራረዱን አራጆች ያውቁታል። ግን በችኮላ የሚዘለሉ ነገሮች አሉ። በሬውን በዱላ ደብድቦ መጣል ሥጋው ውስጥ ደም እንዲቋጥር ያደርጋል፤ የተመታው ቦታ ጠቁሮ ተቆርጦ ይጣላል። ረጅም ገመድ ከቀንዱ ሥር አስሮ፣ በደረቱና በሽንጡ ዙሪያ አንድ አንድ ጊዜ ጠምጥሞ ወደ ኋላ ቢስቡት በራሱ ጊዜ ተንበርክኮ ይተኛል። ከታረደ በኋላ ደሙ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ድረስ መግፈፍ አይጀመር። ደሙ ያልወረደለት ሥጋ ቶሎ ይሸታል። የምግብ ቧንቧውና ፊንጢጣው በሲባጎ ቢታሰሩ ፈርሱ አይወጣም። ሐሞቱን ከጉበቱ የሚያላቅቀው እጁ የተረጋጋ ሰው ይሁን፤ ሐሞት ከፈሰሰ ጉበቱ ይመርራል፤ ከጉበቱ ጋር ዱለቱም ይበላሻል። ፈርስ ሥጋውን ከነካው ደግሞ በውሃ አይታጠብ። ውሃው ቆሻሻውን ወደ ንጹሑ ሥጋ ያዳርሰዋል። የተነካውን ቆርጦ መጣል ነው የሚሻለው።

ወደ ክፍፍሉ ስንመጣ ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከስሌት ነው። የ300 ኪሎ በሬ 300 ኪሎ ሥጋ አይወጣውም። ደሙ፣ ቆዳው፣ ጭንቅላቱ፣ እግሩ፣ ፈርሱና የሆድ ዕቃው ሲነሣ የሚቀረው ከነአጥንቱ ወደ ግማሽ ነው፤ 150 ኪሎ ግድም። በ10 መደብ ሲካፈል ለአንዱ 15 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ከዚህም ላይ አጥንት አለ። ይህ ገንዘብ ሲሰበሰብ አስቀድሞ ቢነገር በዕለቱ «ሥጋው የት ገባ?» የሚል አይኖርም። የቆዳው ሽያጭ ለማን እንደሚሆን፣ ጭንቅላቱን አራጁ ይወስድ ወይስ ይካፈል፣ ከውለታው ውጭ ለሠራተኞች ምን እንደሚሰጥ ያኔውኑ ይወሰን። ቤተሰቡ ትንሽ የሆነ ደግሞ ከሌላው ጋር አንድ መደብ ለሁለት ቢይዝ ማንንም አይጎዳም።

ደህና ብልት አውጪ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ሸራ ወይም የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ የመደቡ ቦታ በተራ ይለያል። ከዚያ አንዱን ብልት አንሥቶ ለ10 ይቆርጠዋል፤ ለየመደቡ አንድ አንድ ያስቀምጣል፤ ወደሚቀጥለው ብልት ይሄዳል። ሻኛ ለ10፣ ሽንጥ ለ10፣ ጭቅና ለ10፣ ታናሽ ለ10፣ ፍርምባ ለ10፣ ጎድን ለ10፣ ጨጓራ ለ10። ሙሉ ወርች ለአንዱ፣ ሙሉ ታፋ ለሌላው እየሰጡ በሚዛን ብቻ ማስተካከል የቅርጫን ትርጉም ያጠፋል። በቅርጫ እያንዳንዱ ቤት ከበሬው ብልት ሁሉ ይቀምሳል፤ ከሥጋ ቤት የሚለየውም ይኸው ነው። አጥንቱም እንደ ሥጋው ተቆጥሮ ይካፈላል፤ ቅልጥሙ አንድ መደብ ላይ፣ ደረቁ አጥንት ሌላው ላይ እንዳይከማች። እንደ ምላስ፣ ልብና ጭራ ያሉት አንድ አንድ ብቻ ናቸውና ወይ ይቆራረጡ፣ ወይ በሥራው ዕለት በጋራ ይበሉ። መደቡ ሁሉ ከሞላ በኋላ ባለመደቦቹ ዞረው ይዩት፤ ያነሰ የሚመስለው ካለ ከዕጣው በፊት ይጨመርበት። ከዕጣ በኋላ የሚነሣ ቅሬታ አይሰማም።

ዕጣው ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ስንጥር፣ ማንኛውም ምልክት ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹን ከባለቤቶቻቸው የሚሰበስበው ሰውና በየመደቡ ላይ የሚጥለው ሰው የተለያዩ ይሁኑ። የሚጥለው የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ቢሆን ይመረጣል። ሥጋውን የቆረጠው ሰው ዕጣ አይጥል።

ከዚህ በኋላ ሥጋው የሚበላሸው በየቤታችን ነው። ትኩሱን ሥጋ በፌስታል አጭቆ፣ አፉን ቋጥሮ፣ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ጥሎ ዘመድ ጥየቃ መሄድ የተለመደ ሆኗል። ገና የታረደ ሥጋ ሙቀቱ ከሰውነታችን ሙቀት ይበልጣል። በፌስታል ውስጥ ያልበዋል፤ ላቡ መውጫ ያጣል፤ ማታ ሲከፈት ጠረኑ ተለውጧል። ሚያዝያ ደግሞ እንደ ገና ሰሞን ሌሊቱ ቀዝቃዛ አይደለም። ስለዚህ በሳፋ ወይም በትሪ ተዘርግቶ፣ ትልልቁ ብልት ተሰቅሎ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ይቀዝቅዝ። ወፍራም ታፋ ከውጭ ቀዝቅዞ ከአጥንቱ አጠገብ ስለሚሞቅ መሽተት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከአጥንቱ መነጠልና መሰንጠቅ አለበት። ሞቆ እያለ ፍሪጅ ውስጥ መደራረብም ያው ነው፤ መሐሉ ሳይቀዘቅዝ ያድራል።

የማይጨረሰውን ያኔውኑ ቋንጣ ማድረግ ነው። ቀዩ ሥጋ በትንሽ ጣት ውፍረት ይዘለዘል። ጮማው ከቋንጣው ይለይ፤ ስብ ቶሎ ይሻግታልና። በጨው፣ በበርበሬና በኮረሪማ ታሽቶ እርስ በርሱ ሳይነካካ ነፋስ ባለበት ጥላ ይሰቀል። ከጣት የወፈረ ዝልዝል ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ የሚሸተውም እሱ ነው።

ጥሬ ለሚበላ ሰው የኮሶን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ጥፋት ነው። በቄራ የሚታረድ በሬ በሐኪም ይመረመራል፤ በግቢ የሚታረደው ግን ዓይን ሳያርፍበት አፍ ይገባል። የኮሶ ዕጭ ፈሳሽ የያዘች ነጣ ያለች ከረጢት ናት፤ ከገብስ ፍሬ እስከ ትንሽ ባቄላ ታህላለች። በብዛት የምትገኘው በልቡ፣ በምላሱ፣ በመንጋጋው ጡንቻና በወርቹ ነው። እነዚህ ተሰንጥቀው በብርሃን ይታዩ። አንዲት እንኳ ከተገኘች ሌላው ሥጋም ይዟል ብሎ ማሰብ ይገባል፤ ያን ዓመት ጥሬው ይቅርና ሁሉም ቀይነቱ እስኪጠፋ ይብሰል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር 10 ቀን ማቆየትም ዕጯን ይገድላታል። ባትታይም ግን የለችም ማለት አይደለም፤ የእንስሳት ሐኪም ማግኘት የሚችል ማኅበር ወጪውን ከበሬው ዋጋ ጋር አብሮ ቢያዋጣ ምንኛ መልካም ነበር።

ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ትልቅ ከረጢት ከታየ ለውሻ አይጣል። ውሻው ይበላዋል፤ ከውሻው ደግሞ በሽታው ወደ ሕፃናቱ ይሻገራል፤ በሰው ጉበት ላይም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ይህ ሁሉ ከፈርሱና ከደሙ ጋር ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት፣ ቢያንስ 1 ሜትር፣ ይቀበር። የጎርፍ ቦይ ውስጥ የሚደፋ ፈርስ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ሰፈሩን ያዳርሳል።

የቀረኝ ቆዳው ነው። በየበዓሉ ማግስት በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ማየት ያሳዝናል፤ የበሬውን አንድ ክፍል ገዝተን እንደ መጣል ነው። ዋጋው መውረዱ እውነት ነው። ግን በቢላ የተበሳሳና የከረመ ቆዳ በጥሩ ዘመንም ገዢ አያገኝም። ሆዱ መሐል ለመሐል ቀጥ ብሎ ከተቀደደ በኋላ ጎኑን በቢላ ሳይሆን በጡጫ እየገፉ ማላቀቅ ይቻላል። መሬት ለመሬት አይጎተት። በ4 ሰዓት ውስጥ የሚረከብ ከሌለ የጠጉሩ ወገን ወደ ታች ሆኖ ጥላ ላይ ተዘርግቶ፣ የሥጋው ወገን ጥጉ ሳይቀር ጨው ይነስነስበት። መጠኑ ከቆዳው ክብደት ሢሶ ነው፤ ለ20 ኪሎ ቆዳ ወደ 7 ኪሎ ጨው። ጨው ከበሬው ጋር በአንድ ቀን ቢገዛ፣ በበዓሉ ዕለት ሱቅ ተዘግቶ ቆዳው አይበላሽም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
አዲስ አበባ