ገብር ኄር ሳይደርስ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ለተወደድሽው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የደሴ ብርድ ጉልበቴን ቢይዘውም እናትሽ ከጦሳ የሚወርደውን ነፋስ ሳይሆን እርጅናዬን ነው የምትወቅሰው።

ባለፈው ሐሙስ በስልክ ያጫወትሽኝን ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ። ሙሉው ዕቃ ሳይገባ እንደ ገባ አድርገሽ በመረከቢያው ደረሰኝ ላይ እንድትፈርሚ አለቃሽ እንደ ጠየቀሽ፣ «ቀሪው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው» እንዳለሽም ስትነግሪኝ፣ «አይዞሽ» ከማለት በቀር የረባ መልስ አልሰጠሁሽም። አፌን የያዘኝ የራሴ ጉዳይ ስለ ነበረ ዛሬ እሱን ልንገርሽ።

አንቺ ሕፃን ሳለሽ ሰኞ ገበያ እህል እሸጥ እንደ ነበር ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ የአምስት ኪሎው የሚዛን ድንጋይ ከሥሩ የተሞላው እርሳስ ወልቆ ወድቆ ኖሮ፣ ከጎረቤት ነጋዴ ድንጋይ ጋር ሳስተያየው ቀልሎ አገኘሁት። ያን ቀን መጣል ነበረብኝ፤ አልጣልሁትም። የቤት ኪራይ ደርሶብኛል፣ ጉድለቱም ከአንድ ጭብጥ ጤፍ አይበልጥም እያልሁ ሁለት ሳምንት ሸጥሁበት። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ቅቤና ሥጋ ወደ አፌ አልገባም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አልቀምስም ነበር፤ በዚያው ባልቀመሰ አፌ ግን «አምስት ኪሎ ሙሉ ነው» እያልሁ እምል ነበር።

የምኩራብ ሰንበት ዕለት መድኃኔዓለም ቆሜ ሳስቀድስ ጌታ ነጋዴዎቹን በጅራፍ ከቤተ መቅደስ ማስወጣቱ ተነበበ። ከዚያ በፊት ስሰማው የሌሎች ነጋዴዎች ታሪክ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። እሳቸውም ስግደት ከማዘዛቸው በፊት «የማንን ወሰድህ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የማውቃቸውን ገዢዎች በየቤታቸው ሄጄ እንድክስ፣ የማላውቃቸውን ደግሞ ለነዳያን እንድሰጥላቸው ነገሩኝ። ዘኬዎስም «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው እንዲሁ አፉን ሊያሳምር አልነበረም።

ከሁሉ የከበደኝ ከኛ በታች ትኖር ወደ ነበረችው እስላም ጎረቤታችን መሄድ ነበር። በረመዳን እኛ ቡና እንኳ ደጅ ላይ ላለማፍላት ስንጠነቀቅ፣ በጾማችን ደግሞ እሷ ለልጆቻችን የፍስክ ነገር ላለማቅመስ ስትጠነቀቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ ክርስቲያን መሆኔን የምታውቀው ግን ከአንገቴ ማተብ ይልቅ ከሚዛኔ ነበር። ጤፉን ስሰጣት ዝም ብላ ሰማችኝና «አፉ ብያለሁ፤ ድንጋዩን ግን አምጣና አሳየኝ» አለችኝ። አመጣሁላት። በእጇ መዝና መለሰችልኝ፤ ከዚያ በኋላም ከኔ መግዛቷን አልተወችም፣ ምንም እንኳ ለብዙ ወራት ዓይኗ ከሚዛኑ ላይ አይነቀልም ነበር። ይህም ይገባኝ ነበር።

እንግዲህ አንቺ የምትፈርሚው ፊርማ የኔው ድንጋይ ነው። ሁለት መቶ ተብሎ አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት ከቆጠርሽ አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት ብለሽ ጻፊ፤ ቀሪው ሲመጣ ሌላ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ለአለቃሽ በአክብሮት፣ ብቻውን ሳለ ንገሪው እንጂ በቡና ሰዓት ስሙን አታንሺ፤ ምናልባት ሰውዬው ከላይ ተጨንቆ ይሆናል። እንቢ ካለም ጉድለቱን በማስታወሻ ጽፈሽ ቅጂውን ያዢ። «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የተባለው በመሐላ ላይ ብቻ የሚሠራ አይመስለኝም።

ይህን በማድረግሽ ምንም አይደርስብሽም ብዬ አላታልልሽም። ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ቢበዛም ሥራ ፈላጊውም የዚያኑ ያህል ነው። ያ ከመጣ ከሐረጎ ዳገት በላይ የምትመለሽበት ቤት አለሽ፤ ክፍልሽም እንዳለ ነው። ደግሞም ባልፈረምሽ ማግስት የፈረሙትን ባልደረቦችሽን ከላይ ወደ ታች እንዳታዪ፤ እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈርሜያለሁና።

የፊታችን እሑድ ገብር ኄር ነው። ስለ በጎውና ታማኙ አገልጋይ፣ በጥቂቱ ስለ መታመኑ የሚነበብበት ሰንበት በመሆኑ፣ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ብትመጪና አብረን ብናስቀድስ ደስ ይለኛል። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ መልስ አብዝቶ ከሰጠሽ ሳትወርጂ መልሽለት፤ ማታ ሒሳቡ ሲጎድል ከደመወዙ ነው የሚቆረጥበት። እናትሽ የምትወስጂው ሽሮ አዘጋጅታለች። ያ ድንጋይ ዛሬም ቤት ውስጥ አለ፤ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ እንደግፍበታለን፣ ስትገቢ እግርሽን እንዳይመታሽ።

አባትሽ፣
ደሴ