«ፀሐይ» በ12 መንገድ፦ የአማርኛ ቋንቋ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ከግጥም ንባቡና ከክርክሩ ጎን ለጎን፣ ተማሪዎቻችን ሞክሼ ፊደላትን እንዴት እንደሚጽፉ በቁጥር አጥንቷል። መነሻችን «ፀሐይ» የሚለው ቃል ነበር። የመጀመሪያው ፊደል በጸሎቱ «ጸ» ወይም በፀሐዩ «ፀ»፣ መካከለኛው ደግሞ በሃሌታው፣ በሐመሩ ወይም በብዙኃኑ፣ ያውም በግዕዝም በራብዕም ሊጻፍ ስለሚችል፣ ድምፁ ሳይለወጥ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ9ኛ ክፍሎቹ ይልቅ የመዝገበ ቃላቱን አጻጻፍ ይጠብቁ እንደሆነ ማወቅ ፈለግን። ፈቃደኞችን ብቻ ብንወስድ ጎበዞቹ ስለሚበዙ፣ ጸሐፊዎቹን ከስም መጥሪያው በዕጣ መርጠን ስለ በጋና ክረምት አጭር ድርሰት አስጻፍን።

በእጅ ጽሑፍ ሐመሩን «ሐ» ከራብዑ መለየት ስለሚያስቸግር፣ እያንዳንዱን ድርሰት ሁለት አባላት ሳይመካከሩ አነበቡት። ንባባቸው በአብዛኛው ሲገጥም ደስ አላቸው፤ የሒሳብ መምህሩ ባልደረባዬ ግን ሰሌዳው ላይ አንድ ስሌት ጻፉልን። ሁለት አንባቢዎች እያንዳንዳቸው ከ100 ቃላት 90ውን «ትክክል» የሚሉ ቢሆኑ፣ ወረቀቱን ሳያዩ እንኳ በአጋጣሚ ብቻ በአማካይ 82ቱ ላይ ይስማማሉ። ጄኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረቡት የካፓ ስሌት ይህን የአጋጣሚ ድርሻ ስለሚቀንስ፣ በእርሱ መዝነን የተለያየንባቸውን ቃላት እንደገና አየን።

ትልቁ ስሕተት የእኔ ነበር። በመጀመሪያው ቆጠራ እያንዳንዱን «ፀሐይ» ለየብቻ እንዲቆጥሩ አዘዝኋቸው፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችል እንደሆነ የሚመዝነው የካይ ስኩዌር ፈተናም በሁለቱ ክፍሎች መካከል ጉልህ፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል፣ ልዩነት አሳየ። አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል ግን አንድ ወረቀት ይዛ መጣች፤ የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ቃሉን ስድስት ጊዜ፣ ስድስቱንም ጊዜ «ጸሀይ» ብሎ ጽፎታል። «መምህር፣ ይህ ስድስት ማስረጃ ነው ወይስ አንድ?» ስትል ጠየቀችኝ። ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ያስተዋወቁት ይህ ፈተና መረጃዎቹ አንዱ ከሌላው ነጻ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ የአንድ ልጅ ልማድ ግን ስድስት ጊዜ ቢደገምም ያው የአንድ ልጅ ልማድ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ድርሰት የመጀመሪያውን «ፀሐይ» ብቻ ወስደን፣ በቃላት ምትክ ተማሪዎችን ቆጠርን። ጉልህ የተባለው ልዩነት ጠፋ።

አንዳንድ አባላት ቅር አላቸው፤ የሦስት ወር ድካም ነበርና አልፈረድኩባቸውም። ውጤቱን በሚኒ ሚዲያ ያነበበችው ያችው ተማሪ ናት፦ «በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያየነው ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው፤ ልዩነት የለም ለማለት ግን ናሙናችን አይበቃም።» ለመጪው ዓመት ከሁሉም ክፍሎች ናሙና ለመውሰድ ወስነናል።